የኔታ አስረስና ሯጩ ሰውዬ

የኔታ አስረስ ማረፋቸውን የሰማሁት ወደ አዘዞ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ የሰው ዶሮ ታቅፌ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «እስኪ አንድ ጊዜ» ብላ አስታቅፋኝ ቦርሳዋን ስትበረብር ስልኬ ጮኸ። አብሮ አደጌ ሰለሞን ነው። «የኔታ አስረስ ዐረፉ» አለኝ። ሌላም ነገር ተናግሯል፤ እኔ ግን አልሰማሁትም፤ ዶሮዋን ለቅቄያታለሁ። ከዚያ በኋላ ሚኒባሱ ውስጥ የሆነውን አልተርክም። ሾፌሩ እስከ ዛሬ ሲያየኝ ሳይቆም ያልፋል፤ ረዳቱማ ባዶ መኪና ይዞ «ሞልቷል» ይለኛል።

ወርጄ የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድሁ። እየሄድሁም አውራ ጣቴ ኪሴ ውስጥ ብቻዋን ስትንቀሳቀስ አገኘኋት፤ ዝለል፣ ዝለል፣ ተኩስ፣ አጎንብስ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ አልረሳችም።

እኔን የሚያውቅ ሰው የምነግረውን ነገር ለአራት ከፍሎ አንዱን እጅ ብቻ ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል። መብቱ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፤ በሌላው ሰው ላይ እጨምራለሁ፣ በየኔታ አስረስ ላይ ግን እቀንሳለሁ፤ እንድታምኑኝ ብዬ።

መሪጌታ አስረስ የመጡት ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ማዶ ነው። ገና ጡት ሳይጥሉ ፈንጣጣ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ወስዶባቸዋል። በሰፈራችን ደብር የድጓ መምህር ነበሩ። ድጓ ለማያውቀው፣ የዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የታጨቀበት መጽሐፍ ነው፤ ድምፅ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚርገበገብ፣ የት እንደሚቆረጥ የሚናገሩ ደቃቅ ምልክቶች ከቃሉ በላይ ተደርድረውበታል። እኔ መጽሐፉን አንድ ጊዜ ላነሣው ሞክሬ ወገቤን ለሦስት ቀን አስሬ ከርሜያለሁ። የኔታ ያንን ሁሉ በጆሯቸው ብቻ ነው ወደ ራሳቸው ያስገቡት። ሃያ ተማሪ ከፊታቸው ባንድ ላይ እየጮኸ፣ አንዱ አንዲት ምልክት ከዘለለ ራሳቸውን ቀና አድርገው «አንተ በስተግራ ያለኸው፣ ርክርኳን ዋጥሃት፤ ትፋት» ይሉታል። ርክርክ ድምፅ የሚርገበገብበት ምልክት ነው። ልጁም ይተፋታል።

የምንኖረው ከቀሐ ወንዝ ወዲህ፣ ባንድ ግቢ ውስጥ ነበር። በአንድ በኩል እኛ፣ በሌላው የሰለሞን ቤተሰብ፣ ከሰለሞን ሳሎን ጀርባ ደግሞ በአንዲት የጭቃ ግድግዳ ተለይተው የኔታ። የሰለሞን አባት አያ ደምሴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። አንድ ቀን ከመተማ ሲመለሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ካርቶን ይዘው ገቡ። ቲቪ ጌም!

ያን ዕቃ ያላየ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም፤ ግን ልናገር። ነጭ ሳጥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ፕላስቲክ ሽጉጥ፣ አንድ ቢጫ ካሴት። ካሴቱ ላይ «ዘጠኝ ሺህ ጨዋታ» ይላል። ቆጠርናቸው፤ ሰባት ናቸው። የቀሩት እነዚያው ሰባቱ ቀለማቸውን ለውጠው ነው። የአያ ደምሴ ቴሌቪዥን ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለም ለወጡ አልለወጡ ማን ያያል? ካሴቱ አልሠራም ሲል አውጥተን እንነፋዋለን፤ በዚያ ዓመት እኔና ሰለሞን የነፋነው ትንፋሽ የጣናን ጀልባዎች ሁሉ ያሻግር ነበር። የሳጥኑ አዳፕተር ሲግል በእርጥብ ጨርቅ እንሸፍነዋለን። በሕይወት መኖራችን ተአምር ነው።

ከሰባቱ የምንወደው «ሯጩ ሰውዬ» ያልነውን ነው። ሰውዬው ማንም ሳያዘው ራሱ ይሮጣል፤ ለምን እንደሚሮጥ አይታወቅም። የኛ ሥራ ጉድጓድ ሲመጣ ማዘለል፣ ጠላት ሲመጣ መተኮስ፣ ወፍ ሲመጣ ማስጎንበስ ነው። እሱ ሲዘል እኛም ከወንበር አብረን እንዘላለን። ስምንት ደረጃ አለው ይባላል፤ እኔ አራተኛው ላይ እሞታለሁ። ሁልጊዜ። መብራት ከሄደ ደግሞ ሁሉም ነገር ከዜሮ።

እንግዲህ አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ጥላ ወደቀብን። ቀና ስንል የኔታ አስረስ በትራቸውን ይዘው፣ በሩን ሞልተው ቆመዋል። ቁመታቸው ከኛ መቃን ይበልጣል። ሰለሞን ጆይስቲኩን ወንበር ስር ወረወረው። የቤተ ክርስቲያን ሰው መጣ፣ አለቀልን፣ ይህ ሳጥን ዛሬ ቀሐ ወንዝ ይገባል አልን በልባችን።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኔታ።»

«ከሁለታችሁ አራተኛው ላይ ሁልጊዜ የሚሞተው ማነው?»

ሰለሞን፣ ከሃዲው፣ በጣቱ ጠቆመኝ። ለዓይነ ስውር!

«ጣትህን አውርድ፣ ሰለሞን» አሉ የኔታ። «እጅጌህ ሲንሿሿ ይሰማኛል።»

ከዚያች ቀን ወዲህ ሰለሞን በየኔታ ፊት አፍንጫውን እንኳ ሳያስፈቅድ አልነካም።

«እኔ ነኝ የኔታ» አልሁ።

«ምነው ትቸኩላለህ? ከዘፈኑ ትቀድማለህ እኮ። ጉድጓዷ የምትመጣው ዘፈኑ ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ነው፤ አንተ በሁለተኛው ትዘላለህ። ሰለሞን ደግሞ ይዘገያል፤ ግን ሲሞት አይሳደብም፤ ጨዋ ነው።»

ከግድግዳው ማዶ ሆነው አንድ ወር ሲሰሙን ከርመዋል። ጨዋታውን ከዳር እስከ ዳር ይዘውታል። እኛ በዓይናችን እያየን አራት ደረጃ ያልተሻገርነውን እሳቸው አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው በቃላቸው አድርሰውታል።

መጥተው ተቀመጡ፤ ጆይስቲኩን ተቀበሉና እንደ መቁጠሪያ ዳሰሱት። «ይህቺ ታዘልላለች? ይህቺስ ትተኩሳለች?» መጀመሪያ ሞቱ። ሁለተኛም ሞቱ። ሦስተኛው ላይ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው፣ አራተኛውን ደረጃ አለፉ። ፊታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ እንኳ አልዞረም፤ ወደ መስኮቱ ነበር። እኔና ሰለሞን ተያየን። እኔ የማወራው ነገር አጥቼ የማውቀው በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ምስክሬ ሰለሞን ነው።

እንዲህ እያልን ሰኔ ገባ። አንድ ቀን መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣና ቴሌቪዥኑ «ጠሽ» አለ። ስዕሉ እየጠበበ እየጠበበ አንድ ነጭ ነጥብ ሆኖ ጠፋ። ድምፁ ግን አለ። ሰለሞን አለቀሰ። እናቱ እትዬ የሺ ከጓዳ ብቅ ብለው «እሰይ! ገላገለኝ!» አሉና ተመልሰው ገቡ። ለቅሶውን የሰሙት የኔታ ግድግዳውን እየዳሰሱ መጡ።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«የኔታ፣ ስዕሉ ሞተ።»

«ሯጩስ?»

«አለ፤ ግን አይታይም።»

«እሱንማ እኔም አይቼው አላውቅ» አሉና ተቀመጡ። «በሉ፣ ከመጀመሪያው አስነሡት።»

ያን ክረምት ጎንደር ላይ ዝናቡ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ሲወርድ፣ እኔና ሰለሞን ጨለማ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ተማሪ ሆንን። ደንባቸው የጉባኤ ቤት ደንብ ነው። በቃሉ ያላደረሰ ጆይስቲክ አይነካም። መጀመሪያ ዝም ብለን እንሰማለን፤ ከዚያ ደረጃውን በአፋችን እናዜመዋለን፤ ሳንሳሳት ሦስት ጊዜ ካዜምን በኋላ ነው እጃችን የሚፈታ። ለመንገዱ ሁሉ የድጓ ምልክቶችን ስም ሰጡት። ጣት ተጭኖ የሚቆይበት ይዘት። እጥፍ እጥፍ የሚተኮስበት ርክርክ። ሰውዬው የሚያጎነብስበት ድፋት። ጣት የሚነሣበት ቁርጥ። እኛም እየተወዛወዝን «ይዘት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ፣ ድፋት!» ስንል፣ ጎረቤትና መንገደኛ በራችን ላይ ቆሞ ያማትብ ነበር። እትዬ የሺ ለሰፈሩ ሴቶች «ልጄ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ገብቷል» ብለው አስወሩ። እኛም አላስተባበልንም።

በነሐሴ እኔ ስድስተኛ ደረጃ ደረስሁ። ምንም ሳላይ! የኔታ ደግሞ ስምንቱንም ጨረሱ። ዘፈኑ ተለውጦ የደስታ ነገር ሲመታ ጆይስቲኩን አስቀምጠው «ደርሷል» አሉ፤ ልክ ወጥ እንደ በሰለ። እኔ ግን ግቢ ወጥቼ በዝናብ ውስጥ ሦስት ጊዜ ዞርሁ።

ያኔ ለምን እንደሚጫወቱ አልጠየቅሁም፤ ሰው ለምን ይጫወታል? አንድ ቀን ግን በትራቸውን ይዤ ወደ ደብሩ ስወስዳቸው ነገረኛው አፌ አላስቻለውም።

«የኔታ፣ ይሄ ጨዋታ ኃጢአት አይሆንም?»

«ማንን ገደልሁ?»

«ወፎቹን።»

«እነሱማ ነገም ይነሣሉ» አሉና ሳቁ። ጥቂት ሄደን ቆሙ። «ስማ። ቀኝ ጆሮዬ ከፋሲካ ወዲህ እንጃለት። ቀጭን ድምፅ ይሸሸኛል። ግራውም እየተከተለው ነው መሰለኝ።»

እኔ ወደ ግራ ጆሯቸው በኩል ዞርሁ።

«ተማሪዎቼን ልመዝንበት አልችልም፤ ሰው ናቸው። አንዱ ጉንፋን ይይዘዋል፣ አንዱ ርቦት ድምፁ ይሰልላል፣ አንዱ ይሰንፋል። ያልሰማሁት እሱ ስላላለው ይሁን እኔ ስላልሰማሁ በምን እለየዋለሁ? ይህ ማኪና ግን አይርበው፣ አይታመም። ትናንት ያለውን ዛሬም ይላል። እሱ ብሎት እኔ ካልሰማሁ፣ የጎደልሁት እኔ ነኝ።»

«ቢጎድልብዎስ?»

«ያን ቀን ወንበሬን እለቃለሁ። መምህር ካልሰማ ስህተቱ ከተማሪው ጋር አገር ይዞራል፤ ቋራ ይወርዳል፣ ስሜን ተራራ ይወጣል። ከዚያ ማን ዞሮ ይለቅመዋል?»

ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ያ የድጓ ወንበር እንጀራቸውም፣ ዘመዳቸውም፣ ስማቸውም ነበር። ይህን የዚያን ጊዜ እኔም አውቀው ነበር።

«ለምን ለኔ ነገሩኝ፣ የኔታ?»

«ለማን ልንገር? አንተ ብታወራው ማን ያምንሃል?»

መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀን ሲቀረው አምስተኛው ደረጃ ላይ ወደቁ። እዚያ ቦታ ላይ ወፍ ከመምጣቷ በፊት አንዲት መርፌ የመሰለች ድምፅ «ጭር» ትላለች፤ የምትመጣበት ጊዜ በየጨዋታው ስለሚለያይ በዘፈኑ መቁጠር አያዋጣም፤ ጭሯን መስማት ነው። የኔታ ያቺን ወፍ ክረምቱን ሙሉ እንደ ዝንብ ሲያሳልፏት ኖረዋል። አሁን ሰውዬው ቀጥ ብሎ ሮጦ ገጫት። በማግስቱም ገጫት።

በሦስተኛው ቀን እኔ ዘዴ አመጣሁ። አጠገባቸው ተለጥፌ ተቀመጥሁ። ወፏ «ጭር» ስትል ጉልበቴን ወደ ጉልበታቸው ጠጋ አደረግሁ፤ በጣም በቀስታ፣ ድመት ስታልፍ ጭራዋ እንደሚነካ። አጎነበሱ! ወፏ አለፈች! ምንም የማያውቀው ሰለሞን «ይሄ ነው የኔታ!» ብሎ ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔ ደግሞ አንድ ደብር ያዳንሁ መሰለኝ። ለካ ጉልበት ብቻ ይበቃል፤ ዕድሜ ልኬን አጠገባቸው ተቀምጬ እነካቸዋለሁ፣ አብሬ ጉባኤ ቤት እገባለሁ፣ እመነኩሳለሁ፤ ሁሉን በአንድ ትንፋሽ አሰብሁት።

የኔታ ደረጃውን እስከ መጨረሻው ተጫውተው ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«አንተ» አሉኝ። «ተነሥና ከማዶ ተቀመጥ።»

«ምነው የኔታ? እዚህ ይመቸኛል።»

«ተነሥ።»

ተነሥቼ ከማዶው ግድግዳ ተጠጋሁ። እንደ ገና ጀመሩ። አምስተኛው ላይ ወፏ «ጭር» አለች። ሰውዬው ወደቀ። እንደ ገና። ወደቀ። እንደ ገና። በአራተኛው ውድቀት ላይ እጃቸውን ከጆይስቲኩ አነሡ።

«ጮኸች?»

ሰለሞን ነገሩ አልገባውም፤ «አዎ የኔታ፤ ሁልጊዜም ትጮሃለች» አለ።

«አልጮኸችም!» አልሁ እኔ። «ካሴቱ አቧራ ገብቶበታል። ትናንትም አልጮኸችም። ቴሌቪዥኑ ራሱ ሊሞት ነው፤ ቱቦው ካለቀ ቀጭን ድምፅ አያወጣም፤ የአያ ደምሴ ጓደኛ ቴክኒሻን ነው፣ እሱ ነግሮኛል። መተማም ያሉት ሁሉ እንደዚህ ናቸው...»

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ከልቤ ዋሽቼ አላውቅም። የኔታ እስክጨርስ ታገሡኝ። ከዚያ ወደ ድምፄ መጥተው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«ማኪናው ደኅና ነው» አሉ። «አትንኩት፤ ጎበዝ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት በትራቸውን ይዤ ወሰድኋቸው። ድጓ የሚያስተምሩት በደብሩ ቅጥር ውስጥ ካለው ትልቅ ጥድ ስር ነው። ተማሪዎቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። የደብሩን አለቃ አስጠርተው ስለነበር እሳቸውም ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። እኔ ከቅጥሩ በር አልራቅሁም።

«አለቃ፣ ወንበሩን ለላቀው ለቅቄያለሁ» አሉ የኔታ ቆመው። ላቀው ትልቁ ተማሪያቸው ነው፤ ከሳቸው ዘንድ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል።

አለቃ ደነገጡ። «ምነው መሪጌታ? ማን አስቀየመዎት? አንድ ሰው እንኳ ቅሬታ አላመጣብኝ!»

«ቅሬታው እስኪመጣ ድረስ ስንት ልጅ ስህተት ይዞ ይሂድ? ጆሮዬ ጎድሏል።»

«በምን ዐወቁት?»

እዚህ ላይ ማንም ሌላ ሰው ቢሆን ይሸፍነዋል። በጸሎት ተገለጸልኝ ይላል፣ ሐኪም ነገረኝ ይላል። የኔታ ግን በአለቃና በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት ራሳቸውን ቀና አድርገው፦

«በልጆች መጫወቻ ተመዝኜ ጎደልሁ» አሉ።

አንድ ሁለት ተማሪ ሳቁን በለምዱ አፈነ። አለቃ «በመጫወቻ?» አሉ፤ ያልሰሙ መስሏቸው።

«አዎ፣ ቴሌቪዥን ላይ በሚሰኩት። ሰው ያዝንልኛል፣ ያፍረኛል፤ እሱ ግን አያዝንም፣ አያፍርም። ላቀው፣ ና ተቀመጥ።»

ላቀው መሬት ላይ ተደፍቶ እግራቸውን ያዘ። «አልቀመጥም የኔታ፤ እርስዎ ቆመው እኔ አልቀመጥም።»

«እንግዲያው እኔም እቀመጣለሁ» አሉና እየዳሰሱ ሄደው ከክቡ መጨረሻ፣ ከትናንት ወዲያ ከመጣው ጀማሪ ልጅ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ልጁ ለምዱን ሊያነጥፍላቸው ሲሽቀዳደም ራሱ ከለምዱ ላይ ወደቀ። የኔታ እግራቸውን አጣጥፈው እጃቸውን ከቀኝ ጆሯቸው በስተኋላ እንደ ጽዋ አስደገፉ።

«በል፣ አሰማን» አሉ።

ላቀው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ጀመረና ወደ ላይ እያለ ሄደ። ዜማው ከሁሉ የሚቀጥንበት ቦታ ሲደርስ እንባው ተናነቀውና ርክርኳን ሳታት። እኔ የቲቪ ጌም ተማሪው እንኳ ሰማሁ። አለቃም፣ ሃያው ተማሪም ሰሙ፤ ሁሉም እንደ ልማዳቸው ባንድ ጊዜ ፊታቸውን ወደ የኔታ አዞሩ።

የኔታ እጃቸውን ከጆሯቸው ሳያነሡ፣ ደስ ብሏቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሸጋ ነው፤ ቀጥል» አሉ።

አለቃ ቀስ ብለው ጃንጥላቸውን አጠፉና አንገታቸውን ደፉ። ላቀው ግን አልቀጠለም። ፊቱን በነጠላው ጫፍ ጠረገ፣ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠና፣ ማንም ሳያዘው፣ ከመጀመሪያው ጀመረ።